ጨርቁን ያልበላው መሬት

አንድ ክረምት ወንዝ ሞልቶ የአንድን መንደር እርሻ ጠርጎ ወሰደው። ለሰዎቹ የቀራቸው በጎተራ የነበረው የገብስ ዘር ብቻ ነበር። ከቆዳ ፋቂዎች ሰፈር ግርጌ ባለቤት የሌለው ሰፊ ሜዳ ስለነበር እዚያ ሊዘሩ አሰቡ።

በአገሩ ልማድ አዲስ መሬት ሳይፈተን ዘር አይጣልበትም። የጥጥ ጨርቅ ይቀበርና ዝናብ ጠግቦ ከከረመ በኋላ ተቆፍሮ ይታያል። ነገር ግን በመንደሩ አዲስ መሬት ከተከፈተ ዘመን አልፎ ነበር። መቅበሩን ሁሉም ያስታውሳል፤ ከወጣው ጨርቅ ምን እንደሚታወቅ በትክክል የሚናገር ግን አልቀረም።

ጨርቁን እንዲቀብር የታዘዘው ይርዳው የሚባል ጥንቁቅ ወጣት ነበር። ይርዳው በራሱ ሥራ የማይተማመን ሰው ነውና፣ ማንም ሳያዝዘው ከዚያው ጨርቅ ቀዶ ድንች በደንብ በሚሰጠው በእናቱ ጓሮም ቀበረ። ጥልቀቱን በክንዱ ለክቶ እኩል አደረገው።

ጊዜው ሲደርስ መንደሩ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ጨርቁ ሲወጣ ነጭ ነበር፤ እጥፋቱ እንኳ አልተበላሸም። ሰዎቹ ደስ አላቸው። አረም የለው፣ ትል የለው፣ የሰጡትን ሳይነካ የሚመልስ ንጹሕ መሬት ነው ተባለ። የመንደሩ ሹም አያ ደምለው ጨርቁን እያራገፉ፣ «ይሄማ ከሣጥን ይበልጣል፤ የሠርግ ጋቢዬን እዚህ ነው የማስቀምጠው» ብለው ሰውን አሳቁ። ዘሩ በማግስቱ እንዲወጣ ተወሰነ።

ይርዳው ሳይስቅ ወደ ጓሮው ሄደ። ቆፍሮ ያገኘው ጥቂት ክርና የሚተራመስ ትል ብቻ ነበር። ለዓመታት ቤተሰቡን ያበላው አፈር ጨርቁን በልቶታል፤ በሜዳው ግን የሚበላ ሕይወት የለም። ወዲያው ጥርጣሬው መጣበት። ሜዳው ላይ ጨርቁን ሲቀብር ውሃ ያልደረሰበት ቦታ መርጦ ይሆን? ተሳስቶ ከተናገረ መንደሩን በከንቱ ያስርባል። ዝም ካለ ደግሞ የመጨረሻው ዘር ይጠፋል።

ሹሙ ቤት ሄዶ ያየውን እየተንተባተበ ነገራቸው። አያ ደምለው ትል የሚናፍቅ ገበሬ አይተው እንደማያውቁ እየነገሩ ቀለዱበት። ይርዳው ግን ንቅንቅ አላለም። ሳቃቸው ሲያልቅ ጠየቁት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይደለሁም፣ አያ። ከላይ ከቆዳ ፋቂዎቹ የሚወርደው እጣቢ ሜዳውን ያበላሸው ይመስለኛል፤ ግን ልሳሳት እችላለሁ።»

«ታዲያ በሚመስልህ ነገር መንደር ላስርብ?»

«እርግጠኛ ያልሆንኩት በምክንያቱ ነው እንጂ ባየሁት አይደለም። እኔ ከተሳሳትኩ አንድ ዓመት እንቸገራለን። አንቱ ከተሳሳቱ ግን ለከርሞ የምንዘራው የለንም።»

ሹሙ በማግስቱ ሜዳው ላይ አንድ ቁና ብቻ እንዲዘራ፣ የቀረው ከመንደሩ በላይ ባለው፣ ጥቂት ብቻ በሚያበቅለው ድንጋያማ ተዳፋት ላይ እንዲሆን አዘዙ።

የሜዳው ገብስ ቀድሞ በቀለ። ለምለም ነበር። በተዳፋቱ የተዘራው ግን እዚህም እዚያም ነጠላ ሆኖ ወጣ። ሰው ይርዳውን ባየ ቁጥር ትሎቹ ደህና አደሩ ወይ እያለ ይጠይቀው ጀመር። እሱም የብዙ ሰው ጉሮሮ የዘጋ መሰለው። ቆይቶ፣ ዘሩ ከራሱ የያዘውን ስንቅ ሲጨርስ የሜዳው ቡቃያ ቢጫ ሆነ፤ እሸት ሳይዝ ደረቀ።

ማንም እልል አላለም፤ ይርዳውም ቢሆን። ያን ዓመት በተዳፋቱ ጥቂት ምርት ቆጥበው በሉ፤ ለዘርም አስቀሩ። ከዚያ ተሰብስበው ስለ እጣቢው ሊነጋገሩ ወደ ቆዳ ፋቂዎቹ ወጡ።

ወዳጆቼ፣ በእግራችን ሥር ያለው ዝም ሲል ጤና ነው ብለን እናልፋለን። ጤነኛ አፈር ግን የሰጡትን ይበላል፣ ያበሰብሳል፣ መልሶም ያበቅላል። ሊያስፈራን የሚገባው ቀብረነው ሳይለወጥ የሚቆየን ነገር ነው። የሚጠራጠር ሰውም ያየውን ከነጥርጣሬው ይናገር፤ እርግጠኛ እስኪሆን ከጠበቀ ዘሩ ያልቃል። እናንተስ፣ ያያችሁትንና እርግጠኛ ስላልሆናችሁ የዋጣችሁትን ነገር ለማን ትነግሩታላችሁ?