መዝገቡ ሲዘጋ ማዶ የነበረች ሴት

በሐይቅ መካከል ባለች ደሴት የምትኖር አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም። ነገሩ ሁሉ የመጣው ስሟ ሳይጻፍ በመቅረቱ ነውና።

ቂም ነበራት። የስምንት ዓመት ቂም። ቂም ካበሉት ያድጋል፤ እሷ ደግሞ ሌላ የምታበላው ሰው አልነበራትም። ባሏ ሞቷል፤ አንዲት ልጇ ማዶ አግብታ ሄዳለች።

በዚያች ደሴት ወፍጮ የለም። ድሮ አንድ የናፍጣ ወፍጮ ነበረ። ናፍጣው በጀልባ ሲመጣ ሞተሩ ይሰበራል፤ ሞተሩ ሲጠገን ናፍጣው ያልቃል። በመጨረሻ ዝጎ ዶሮ ሰፈረበት። ስለዚህ ሴቶቹ እህላቸውን በታንኳ ጭነው ሐይቁን ይሻገራሉ። መሄጃው ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ነፋስ ከተነሳ መመለስ የለም። ዱቄትን ተንተርሶ እዚያው ማደር ነው።

አንድ ጊዜ እንዲሁ ልታስፈጭ ሄዳ ነፋስ ሦስት ቀን ያዛት። በዚያ ሦስት ቀን የፀሐይ መብራት የሚያስገቡ ሰዎች ወደ ደሴቲቱ መጡ። ስም መዘገቡ፣ ሽቦ ለክተው ሄዱ። ስትመለስ መዝገቡ ተዘግቷል።

የመብራቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ አያ ፈንቴ ይባላል። ዱቄቱን ከጀርባዋ ሳታወርድ ቤቱ ሄደች።

«የኔስ ስም?»

«እታለም» አላት፣ እህቴ እንደ ማለት፤ «ያልነበረ ሰው እንዴት ይጻፋል?»

«የት ነበርኩ? ጭፈራ ላይ ነበርኩ? ወፍጮ እኮ ነው የሄድኩት!»

«በሚቀጥለው እንጽፍሻለን፤ ምን አስቸኮለሽ» አላትና ወደ ሥራው ዞረ።

መብራቱ በራ። ከዳር እስከ ዳር በራ። የእሷ ቤት ብቻ በኩራዝ ቀረ። ጨለማው ድሮም ነበረ፤ ግን ያኔ የሁሉም ነበር። አሁን የእሷ ብቻ ሆነ።

በዓመቱ ኮሚቴዎቹ መጥተው «ሽቦ ተርፏል፣ እንቀጥልልሽ» አሏት። «እኔ ትራፊ አልበላም!» ብላ አባረረቻቸው። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ተወች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በጓሮ ትሄዳለች። እህል ሲደርስ፣ አገሩ በሬ እየተዋዋሰ ሲወቃ፣ እሷ «የሰው በሬ አልፈልግም» ብላ ለብቻዋ በዱላ ትወቃለች። ሰው መጀመሪያ ለመናት። ቀጥሎ መለመኑ ሰለቸው። ቀጥሎ ለመደ። ወገኖቼ፣ የሚከፋው ይኼ ነው። ሲለምኗችሁ አላችሁ ማለት ነው፤ ሲሰለቿችሁም አላችሁ። አለመኖራችሁን ሲለምዱት ግን የት አላችሁ?

በስምንተኛው ዓመት በፀሐይ የሚሠራ ወፍጮ በጀልባ መጣ። ናፍጣ የለ፣ ጭስ የለ፤ ፀሐይ ካለች ይፈጫል። ግን ፀሐይ የሚያገኝ ገላጣ መሬት ይፈልጋል። ደሴቲቱ ደግሞ ዛፍ ናት። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ነው፤ ማንም ምሳር አያነሳበትም። ሐይቁ ዳር ያለውን ሜዳ ክረምት ሲገባ ውሃ ይወስደዋል። ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ የሚያርፍበት አንድ ቦታ ብቻ ተገኘ። የማን ነው ብትሉ፣ የዚያች ሴት አውድማ።

ባለሙያዎቹ «እስከ እሑድ ቦታ ካልሰጣችሁን ለሌላ ደሴት ነው» አሉ። አያ ፈንቴ ሁለት ሽማግሌ ይዞ ሄደ። ግቡ አላለቻቸውም፤ አጥሩ ላይ ቆሙ።

«እታለም፣ ደህና ነሽ?»

«መንገዱ ዛሬ ተገኘ? ስምንት ዓመት አረም በልቶት ነበር።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቀ። «ይህች ሴትዮ ሁሉ ነገሯ ሲያረጅ ምላሷ አላረጀም!»

«በምን ያርጅ? የሚያናግረው አጥቶ ተኝቶ ነው የኖረ።»

ሳቁ ቆመ። አያ ፈንቴ የመጡበትን ነገራት።

«እምቢ ብልስ?»

«ወፍጮው ይሄዳል። ሴቶቹም እንደ ልማዳቸው ይሻገራሉ።»

«እኔም ተሻግሬ ነበር» አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ንገረኝ። ያን ጊዜ ለምን አስቀረኸኝ? ከባሌ ጋር በድንበር ስለተጣላችሁ ነው?»

ስምንት ዓመት ሙሉ ያሰበችው ይኼንን ነው። ምክንያቱን ራሷ አግኝታ፣ ራሷ ፈርዳ ጨርሳ ነበር።

አያ ፈንቴ መሬት መሬት አየ። «አይ እታለም። በድንበሩ አይደለም። ረሳሁሽ።»

«ምን?»

«ረሳሁሽ። ቤት ለቤት ስንዞር በርሽ ዝግ ነበር። አለፍነው። ማዶ መሆንሽም ትዝ አላለኝ። ኋላ መጥተሽ ስትቆጪ አፍሬ ነው እንደዚያ ያልኩሽ። ይቅር በይኝ።»

ይህን ስትሰማ ደስ ያላት ይመስላችኋል? እሷስ ክፋት ቢሆን በመረጠች። የጠላችሁ ሰው ቢያንስ ያስባችኋል። ስምንት ዓመት ስትታገለው የኖረችው ጠላት፣ ለካ አልነበረም። «ሂዱልኝ» ብላ በሯን ዘጋች።

በማግስቱ ጠዋት ውሃ ልትቀዳ ወደ ሐይቁ ወረደች። ሁለት ሴቶች እህላቸውን ይዘው ታንኳ ይጠብቃሉ። አንዷ እናኑ ናት፤ ባሏ ለቀን ሥራ ከተማ የገባ፣ ሕፃን ያዘለች ልጅ እግር ሴት።

«ዛሬ ምርጥ ዘር የሚፈልግ ይመዝገብ ብለዋል» አለች እናኑ። «እኔ ማዶ ነኝ። ማን ያስጽፈኛል?»

«ታዲያ ቅሪያ!»

«ቤት ውስጥ ጭብጥ ዱቄት የለም። በባዶ ሌማት ቁጭ ብዬ ስሜን ላስጽፍ?»

ሴትዮዋ እንስራዋን እንደያዘች ቆመች። እነሱ አላዩአትም፤ አጠገባቸው ቆማም አላዩአትም። ለምደዋላ! ታንኳው መጣ፤ ተሳፈሩ። እሷ እንስራዋን ሳትሞላ ተመለሰች። ግን ወደ ቤቷ አይደለም። በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በመሃል መንገድ ሄዳ አያ ፈንቴ ደጅ ቆመች።

«አውድማውን ውሰዱ። የኔ ምሕረት ግን አንድ ሕግ አለው። ከእንግዲህ መዝገብ ሲከፈት፣ ማዶ ያለ ሰው መጀመሪያ ይጻፍ። በል፣ እናኑ ማዶ ናት። እያየሁህ ጻፋት።»

እያየችው ጻፋት።

ወፍጮው ተተከለ። ዛሬ እዚያች ደሴት ዱቄት ተንተርሶ ማዶ የሚያድር የለም። የማዶ ሰው እንዲያውም በታንኳ እየመጣ ያስፈጫል። እናኑ ዳቦ እየጋገረች ለአሳ አጥማጆቹ ትሸጣለች።

እንግዲህ ታሪኩ አለቀ ትሉኛላችሁ። አላለቀም።

ወፍጮው ሥራ በጀመረበት ቀን ሴትዮዋ የራሷን እህል ተሸክማ ወደ ራሷ አውድማ መጣች። አያ ፈንቴ «እታለም፣ ቦታው ያንቺ ነው፣ ወደ ፊት እለፊ» አላት። «ተራ አለኝ» ብላ ከኋላ ቆመች። ቀትር ላይ ደመና መጣና ወፍጮው ዝም አለ። ሰዉም ዝም አለ። ሁሉም እሷ መኖሯን ያውቃል፤ ማንም ምን እንደሚላት አያውቅም። እሷም አታውቅም። መሬት መስጠት አልከበዳትም። የከበዳት ይኼ ነው።

እናንተስ? ከመካከላችሁ በሩ ዝግ ነው ብላችሁ ያለፋችሁት ማን ነው? ዛሬ ከአጠገባችሁ ወንበሩ ባዶ የሆነው የማን ነው? ታሟል? ተቀይሟል? ጠይቃችኋል? ወይስ ለምዳችኋል? እናንተ የተረሳችሁ ደግሞ፣ አዎ፣ ተረስታችኋል፤ በደል ነው፣ አልሸሽግም። ግን ፀሐዩ የሚያርፈው እናንተ ደጅ ቢሆንስ? እግዚአብሔር ለሁሉ የሚሆነውን በእናንተ አጥር ውስጥ አስቀምጦ ቢሆንስ? እስከ መቼ ዘግታችሁ ትቀመጣላችሁ? መጥተው እስኪለምኗችሁ? ላይመጡ ይችላሉ እኮ! አንዱ መጀመር አለበት፤ የተበደለውም ቢሆን።

እሷ ያን ቀን ያደረገችውን ልንገራችሁ። ደመናው ገና አልተገፈፈም። ጆንያዋን መሬት አስቀመጠች፤ ከፊቷ የቆመችውን ሴት ትከሻ ነካ አደረገች።

«እናኑ» አለቻት፤ «እንዴት ከረምሽ?»