በሶፉ ጥግ የቀረው ክፍተት

የደጋጎችን ወሬ ከዘመን ዘመን አሻግሮ ለእኛ ያደረሰ አላህ ምስጋና ይገባው። ዛሬ የማወጋችሁ ነገር የሆነው ግንብ በከበባት አንዲት አሮጌ የንግድ ከተማ ውስጥ ነው። ስሟን አልጠራም። ብጠራው የነጋዴዎቿ የልጅ ልጆች ነገ መጥተው ይወቅሱኛል፤ ጥፋቱ ግን የእነሱ አያቶች ብቻ አይደለም፣ እኛም አለንበት።

በዚያች ከተማ ዘይኑ የሚባል ሒሳብ ጸሐፊ ነበር። ዕድሜው አርባን ያለፈ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ ያልተረፈለት ሰው ነው። ክረምት ገብቶ ወንዞች ሲሞሉና መንገድ ሲዘጋ ነጋዴው ሁሉ በቅሎውን አሳርፎ ቤቱ ይከተታል። ያኔ እንደ ዘይኑ ያሉ ጸሐፊዎች ተጠርተው የዓመቱን ሒሳብ ይዘጋሉ፣ ለድሃ የሚወጣውን ዘካም ያሰላሉ። ሥራው ንጹሕ ሥራ ነው። ግን የሰው ጓዳ የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ጨዋታ ይቋረጣል። ማን እንደከሰረ፣ ማን ደኸየሁ እያለ ጎተራው እንደሞላ ዘይኑ ያውቃል። ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ ቢሆንም ማወቁ ብቻ ሰውን ያሸሻል። ሰርግ ሲጠራ እሱ ይረሳል። መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታው አያጥርም፣ ግን ማንም ቆሞ አያወራውም።

ከሥራ የወጣው ሦስት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ያሠሩት የነበሩት ቆዳ ነጋዴ ሞቱና ልጆቻቸው ንብረቱን ተካፍለው ቤቱን ዘጉት፤ ይህ የማንም ጥፋት አልነበረም። ቀጥሎ ሙክታር የሚባል ቅቤ ነጋዴ ዘንድ ገባ። ሙክታር መጋዘን የተቀመጠውን ቅቤ ከዘካው እንዲያወጣለት ፈለገ።

«ያልተሸጠ ዕቃ እኮ ገና ገንዘብ አይደለም» አለው።

«ለንግድ የተቀመጠ ሁሉ ይቆጠራል» ብሎ መለሰ ዘይኑ።

በማግስቱ ሙክታር ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ሒሳባችንን ራሳችን እናያለን» ብሎ አሰናበተው። ሦስተኛው ቤት ደግሞ ዓመት ካሠራው በኋላ ቦታውን መደመር እንኳ በቅጡ ለማያውቅ የእህቱ ልጅ ሰጠበት። ዘይኑን ያንገበገበው ይህ ነው። የመጀመሪያውን ለአላህ ውሳኔ ለቀደር፣ ሁለተኛውን ለሐቅ ሰጥቶ ተጽናንቶ ነበር፤ ሦስተኛውን የሚሰጥበት ቦታ አጣ። ምናልባት እኔው ነኝ የማልረባው የሚል ሐሳብ ገባበትና አልወጣ አለው።

መስጊድ ሲገባ የሚቆመው ከመጨረሻው የሰጋጆች ረድፍ፣ ከመጨረሻው ሶፍ ጥግ፣ ምሰሶውን በግራው አድርጎ ነው። ለሰላት ሲቆሙ ትከሻ ለትከሻ መግጠም፣ በመሐል ክፍተት አለመተው የታወቀ ነው፤ ኢማሙም በየሰላቱ ይህንኑ ያሳስባሉ። ሆኖም ከዘይኑ ቀኝ ሁልጊዜ አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ይቀራል። ማንም ሆን ብሎ አይተወውም። ማንም ግን አይሞላውም። ዘይኑ በሱጁድ ግንባሩን ምንጣፍ ላይ ሲያሳርፍ ያ ባዶ ቦታ ጎኑን ይበርደው ነበር።

በዚህ መሐል እህቱ ከቆላ መልእክት ላከችበት። ባሏ የሎሚና የብርቱካን አትክልት ቦታ አለው፤ «ና፣ ውሃ እያጠጣህ ከእኛ ጋር ኑር» አለችው። ዘይኑ አሰበበትና ልቡ ወደዚያው አዘነበለ። ሎሚ ዘካው በዛብኝ ብሎ አያኮርፍም። ኢስቲኻራ ሰግዶ መልካሙን እንዲመርጥለት አላህን ለመነ፤ ክረምቱ ሲወጣ ሊሄድም ቆረጠ።

ያኔ ነው ሐጂ ይመር ያስጠሩት። ሐጂ ይመር የጨርቅና የቅመም ነጋዴ ናቸው፤ ቦታቸው ከኢማሙ ኋላ የፊተኛው ሶፍ ነው። ዘካቸውን ሳያጓድሉ በማውጣት ከመታወቃቸው የተነሣ ብዙ ነጋዴ «ሐጂ መቼ ሊያወጡ ነው?» ብሎ ይጠይቅና የእሳቸውን ቀን ተከትሎ ያወጣል። ሒሳባቸውን ዕድሜ ልክ የያዙላቸው የልጅነት ጓደኛቸው ሼህ አወል በዚያ ዓመት ሞተውባቸው ነበር።

«ልትሄድ ነው አሉ» አሉት።

«አዎ ሐጂ። መንገዱ ሲከፈት፣ ኢንሻአላህ።»

«ሥራውን ጠልተኸው ነው?»

«እሱ ነው የጠላኝ» አለ ዘይኑ።

ሐጂ ፈገግ አሉ። «የዘንድሮን ሒሳብ ዝጋልኝና ዘካዬን አስላልኝ። ከዚያ መሄድ ካሻህ ሂድ። መቆየት ካሻህ የአወል ቦታ ያንተ ነው።» ከዚያም እንደ ተራ ነገር፣ «ምሳ በልተሃል?» ብለው ጠየቁት።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ዘይኑ አልበላሁም ለማለት አፍሮ በልቻለሁ አለ። እሳቸው ግን አላመኑትም፤ ማዕድ አስቀርበው አብረውት በሉ። ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ ቆላውን ረስቶት ነበር። ቦታውን ፈለገው፤ ከደመወዙ ይልቅ ያቺን ጥያቄ ፈለጋት።

ሥራው ሊያልቅ ሲል አንድ ከሰዓት ሐጂ አጠገቡ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ያወጉት ጀመር።

«ዘንድሮ ሙሐረምና መስከረም አብረው ሊገቡ ነው» አሉ፤ ደስ ብሏቸዋል። «ለመጀመሪያ ጊዜ ዘካ ያወጣሁ ዓመትም እንዲሁ ተገናኝተው ነበር። አወል ‹ሁለቱ አዲስ ዓመቶች አብረው መጡልህ፣ በረካ ነው› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ክረምቱ ወጥቶ ሒሳብ ሲዘጋ፣ መስከረም በጠባ ቁጥር አወጣለሁ። ይኸው ሠላሳ ሦስት ዓመት፣ አንድም ጊዜ አላሳለፍኩም።»

የዘይኑ ብርዕ ቆመ።

የዘካ ዓመት የሚቆጠረው በጨረቃ ነው። የጨረቃ ዓመት ደግሞ ከመስከረም እስከ መስከረም ካለው ዓመት አሥራ አንድ ቀን ያህል ያጥራል። የጨረቃው አዲስ ዓመት ሙሐረም ከመስከረም ጋር ከገባ በኋላ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየቀደመ ክረምቱንም፣ በልጉንም፣ በጋውንም ዞሮ በሠላሳ ሦስተኛው ዓመት እንደገና መስከረም ላይ ይገናኛል። እስኪገናኝ ድረስ ጨረቃ አንድ ሙሉ ዓመት ትቀድማለች። ስለዚህ ሐጂ ይመር በየመስከረሙ ሲያወጡ የአንድ ሙሉ ዓመት ዘካ ሳያውቁት ቀርቶባቸዋል። እሳቸውን ተከትሎ የሚያወጣው ነጋዴም እንዲሁ።

ዘይኑ ያን ቀን ምንም ሳይል ወጣ። ከዐስር ሰላት እስከ መግሪብ ግንቡ ሥር ተቀምጦ ከራሱ ጋር ተሟገተ። ማን ጠየቀህ? አለው አንዱ ልቡ። ሰውየው የታመኑ ሰው ናቸው፣ ያላወቁትን አላህ ይምራቸዋል፤ አንተ ደግሞ ከከተማው ቤት ሁሉ የቀረህ ይህ አንድ ደጅ ነው። ሌላው ልቡ አልተሟገተም፤ ያ የቀረው የአንድ ዓመት ዘካ ያልደረሳቸውን ድሆች ብቻ አሳየው። ብዙዎቹ ሞተዋል። ዘይኑ አለቀሰ። ያለቀሰው ለእነሱ ነው ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ፤ እሱ ግን ለራሱም አልቅሷል።

በማግስቱ ሐጂ ፊት ቆመ። «የምነግርዎ ነገር አለኝ። ከነገርኩዎ በኋላ ቢያሰናብቱኝ አልቀየምም» አለና ሁሉንም ነገራቸው።

የሐጂ ይመር መቁጠሪያ እጃቸው ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«እንግዲህ የሚስኪን ሐቅ ከእኔ ጋር እየበላ፣ ከእኔ ጋር እያደረ ኖሯል» አሉ በመጨረሻ።

«ሐጂ፣ አላወቁም ነበር።»

«ለማን ነገርክ?»

ሙክታርም ዘይኑን ሊያሰናብተው ሲል የጠየቀው ይህንኑ ነበር። «ለማንም» አለ።

«እንግዲያው እኔ እናገራለሁ። ብዙ ሰው በእኔ ቀን ነው የሚያወጣው።»

የጁሙዓ ሰላት እንዳበቃ ሐጂ ይመር ከፊተኛው ሶፍ ተነሥተው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። የሆነውን ተናገሩ፤ የቀረባቸውን ዘካ ለመክፈል በቅሎዎቻቸውን እንደሚሸጡም ገለጹ። «በእኔ ቀን ስታወጡ የኖራችሁ፣ እናንተም ሒሳባችሁን እዩ። ስላሳሳትኳችሁ ዐውፍ በሉኝ» አሉ።

መስጊዱ ተንሾካሾከ። ሙክታር ተነሣ። ለሐጂ መውጫ ያገኘላቸው መስሎት፣ «ይህ ስሕተት የእርስዎ አይደለም እኮ፣ የሟቹ የሼህ አወል ነው። ቀኑን የወሰኑልዎ እሳቸው ናቸው» አለ።

እዚህ ላይ እንቁም። የሐጂ ይመር ክብር እንዳለ ሊቆይ የሚችለው በአንድ ቃል ነበር፤ አዎ ቢሉ የሚቃወማቸው ሰው የለም፣ ሟች ከቀብሩ ተነሥቶ አይከራከርም። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አወል የጻፈው እኔ ያልኩትን ነው። የልብ ሐሳቡ፣ ኒያው የእኔ፣ ገንዘቡም የእኔ ነበር። ጨረቃዋ በየወሩ ከቤቴ በላይ ስትወጣ ቀና ብዬ ያላየኋት እኔ ነኝ።»

ማን እንዳስተዋለው ሲጠየቁ የዘይኑን ስም አመስግነው ጠሩ። ለበጎ ብለው ነው። ሰዉ ግን ሐጂን ለመውቀስ ስለማይደፍር ቅሬታውን ሁሉ ይዞ ወደ ዘይኑ ዞረ። ሳምንቱን ሙሉ ሱቅ ሲያልፍ ጀርባ አዩት። ሰላምታ እንኳ አጠረ። «ከሦስት ቤት የተባረረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባን» ብሎ የተሳለቀም ነበር። ዘይኑ ሐጂ ቤት መሄዱን ተወ፤ በእሱ ምክንያት የተዋረዱ መሰለውና ዓይናቸውን ማየት ከበደው። ብርዑንና የቀለም ቀንዱን ለቁርአን ቤት ሰጠ። ልብሱን ቋጥሮ፣ ጁሙዓን ሰግዶ ከቀትር በኋላ ወደ ቆላ ሊወርድ ተዘጋጀ።

ለመጨረሻ ጊዜ ምሰሶውን ተጠግቶ ቆመ። ቀኙ እንደወትሮው ባዶ ነው። ኢማሙ «ሶፋችሁን አስተካክሉ፣ ክፍተት አትተዉ» አሉ፤ ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ ከፊት በኩል የሰው መንገድ መልቀቅ ተሰማ። ሐጂ ይመር ሠላሳ ምናምን ዓመት የቆሙበትን ቦታ ትተው፣ ሶፍ በሶፍ እያቋረጡ፣ በእርጅና እግራቸው ቀስ እያሉ መጡና ከዘይኑ ቀኝ ቆሙ። ትከሻቸውን ከትከሻው ጋር ገጠሙ። ኢማሙ ጥቂት ጠብቀው ተክቢር አሉ። ዘይኑ በዚያ ሰላት ከቁርአን ምን እንደተቀራ አልሰማም፤ የሰማው አጠገቡ ያለውን የሽማግሌ ትንፋሽ ነው።

አሰላምተው ሰላቱን ከጨረሱ በኋላ ሐጂ ሳይነሡ፣ «ቋጥረሃል?» አሉት።

«ቋጥሬያለሁ።»

«ስለ ደከመህ ከሆነ ሂድ፣ ምርቃቴም ይከተልህ። ስላፈርክ ከሆነ ግን አትሂድ። ማፈር ያለብን ይህን ቦታ ባዶ የተውነው ነን።»

ዘይኑ ደክሞት እንደሆነ ወይም አፍሮ እንደሆነ ራሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀ። ተነሥቶም ወደ ቁርአን ቤቱ ሄደ፤ የሰጠውን ብርዕ መልሱልኝ ብሎ እያፈረ ለመነ። ከዚያ ሐጂ ይመር ቤት ገባ። ምሳ በልተሃል ወይ ሲሉት፣ አልበላሁም አለ።

ከተማው ሁሉ በአንድ ቀን ወደደው ብዬ አልዋሻችሁም። ሙክታር እስከ መጨረሻው አልመጣም። ጥቂቶች ግን አንድ በአንድ እየመጡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የእኔንስ ቀን ታይልኛለህ?» አሉት።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሥራ መተው ነውር አይደለም። የአላህ ምድር ሰፊ ናት፤ ሎሚ ማጠጣትም ሐላል እንጀራ ነው። ሐጂ ይመርም ሂድ ወይም ቆይ ብለው አልወሰኑለትም፤ የሚሄድበትን ምክንያት ብቻ እንዲለይ ነው የጠየቁት። የተባረረ ሰው ድካምንና እፍረትን አይለይም። የሰው ፊት መጥቆር ሲበዛበት የያዘው አደራ፣ አማናው ራሱ የጠቆረ ይመስለዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ሲያስቀምጠውም ድካም ነው ይላል።

እኔን ግን ከዘይኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ ያ ከቀኙ የነበረው ቦታ ነው። በየጁሙዓው እግራችንን አስተካክለን እንቆማለን፤ ሶፉ ሞልቷል ብለን እናስባለን። መጪው ጁሙዓ ተክቢር ከመባሉ በፊት እስቲ ወደ ጥጉ ዞር ብላችሁ እዩ። እዚያ ብቻውን የቆመ ሰው ካለ፣ ምን ተናግሮ እንደሆነ ሳትጠይቁ ሄዳችሁ አጠገቡ ቁሙ።