አንዴ ብቻ የተጠየቀችው

በአንድ ወቅት፣ ክረምቱ ሁለት ዓመት በተከታታይ በከዳው አገር፣ አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከስድስት ዓመት ልጇ በቀር ማንም አልነበራትም፤ ስሟንም እንኮዬ ብላታለች። እቤታቸው እህል ከተቀመሰ አራት ቀን አልፎታል። ልጅቱ መደብ ላይ ተኝታ ትውላለች። እናት ግን በየጠዋቱ እሳት ታነዳለች፤ ጭሱ በጣሪያው ሲወጣ ያየ ጎረቤት «አንጓች ቤትማ ይበላል» እንዲል። ኩራት ነው ትሉኝ ይሆናል። አይደለም፣ ይሉኝታ ነው፤ ይሉኝታ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ለእናንተ አልነግራችሁም።

የንጉሡ ልጅ ውብዳር የረሃቡን ወሬ ስትሰማ ምግብ አልወርድ አላት። አባቷን ለምና በሃያ በቅሎ እህል አስጭና ወጣች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አዛኝ ነበረች። ሰው ልካ አልሰጠችም፤ በየጎጆው ጎንበስ ብላ እየገባች ራሷ ነው የጠየቀችው። አንጓችም ቤት ገባች።

«ምን ቸገረሽ?»

«ተመስገን እመቤቴ፣ ምንም አልጎደለብኝ» አለች አንጓች።

«እህል ላስወርድልሽ?»

«ኧረ በፍጹም! ከኔ ለባሰበት ይድረስ።»

ይህን ብላ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። ምን እንደምትጠብቅ እናንተም እኔም እናውቃለን። የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ ነው እንዴ? እንግዳ «በልቼ ነው የመጣሁት» ሲለን እጁን ይዘን «በሞቴ!» ብለን አይደል የምናስቀምጠው? ሁለተኛ ስትጠየቅ ድምጿን ልታለዝብ፣ ሦስተኛ ስትጠየቅ «እንግዲህ ካሉ ምን አደርጋለሁ» ልትል ተዘጋጅታለች። እንኮዬ ከመደቡ ላይ «እማ፣ እኔ ግን…» ማለት ስትጀምር እናቷ እጇን ጨመቅ አድርጋ ዝም አሰኘቻት።

ውብዳር «በሞቴ» አላለችም። ከየት ታምጣው? ቤተ መንግሥት ውስጥ ሰው «ንጉሥ ይሙት!» ብሎ ይምላል እንጂ፣ የንጉሥ ልጅ በራሷ ሞት ማንንም አትለምንም። እሷ ባደገችበት ቤት የጠየቀችው ሁሉ ወዲያው ይመልሳል፤ እሺም እሺ ነው፣ እምቢም እምቢ ነው። እናም ፊቷ በራ። «አንድ እንኳ የጠገበ ቤት አየሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ወጣች።

ደንገጡሯ የሻረግ በሩ ላይ ቆማ ሁሉን ትሰማ ነበር። እሷ የገበሬ ልጅ ናት። የልጅቱን የደረቀ ከንፈር አይታለች፤ የእናቲቱም አነጋገር ገብቷታል። «እመቤቴ፣ ይድገሙላት» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ነገር ግን የቀረው እህል የሁለት በቅሎ ጭነት ነው፤ ከጋራው ባሻገር ያለው መንደር ደግሞ የገዛ እናቷ መንደር ነው። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ያ እህል እናቷን ከሞት አተረፈ።

እንኮዬ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ወይኔ ልጄ! እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜም ሆዴ ይባባል።

ወሬው ሲደርሳት ውብዳር በቅሎ እስኪጫንላት አልጠበቀችም፤ በእግሯ ሮጣ መጣች። ለቅሶው ቤት ገብታ አንጓች እግር ላይ ወደቀች። «ጠይቄሽ ነበር እኮ! ምንም አልጎደለብኝ አልሽኝ እኮ!» እያለች አለቀሰች።

አንጓች ቀና ብላ አየቻት። «አንዴ ነዋ የጠየቁኝ እመቤቴ» አለቻት። «አንዴ ብቻ።»

ልዕልቷ አልገባትም። አልቃሾቹ ሴቶች እያነቡ አስረዷት። ሲገባት ግን የሰማችው ጩኸት የራሷ መሆኑን እንኳ አላወቀችም። ያን ጊዜ ተከትላት የመጣችው የሻረግ ከበሩ ፈቀቅ ብላ «እኔ ገብቶኝ ነበር» አለች፤ የእናቷንም ነገር ሳትደብቅ ተናገረች።

የመንደሩ ሽማግሌ አያ ደምለው አንድ ድንጋይ አምጥተው መሬት ላይ አኖሩ። በአገሩ ወግ በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው። «ይህችን ልጅ የበደለ ይሸከመውና መቃብሯ ድረስ ይሂድ» አሉ።

ቀድማ ያጎነበሰችው ውብዳር ናት። «የሰዉን አነጋገር ሳላውቅ ሰው ላበላ ወጣሁ። የኔ ነው» አለች።

የሻረግ ክንዷን ያዘቻት። «እርስዎ አላወቁም። እኔ እያወቅሁ ነው የተውኩት።»

አንጓች ከምንጣፉ ተነሥታ ሁለቱንም ገፋ አደረገችና ድንጋዩን በሁለት እጇ አቀፈችው።

«ተዉኝ!» አለች። «እኔስ አንዴም ቢሆን ተጠይቄያለሁ። ልጄን ማን ጠየቃት? አፏን ስትከፍት እጇን ጨምቄ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ።»

ሁለቱም መልሰው ያዙት፤ ሦስቱም ድንጋዩን እንደያዙ ናቸው፤ አንዷም አልለቅም አለች። አያ ደምለውም ፍርድ ጠፍቷቸው በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እናንተ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምታችኋል፤ ስለዚህ ንገሩኝ፤ ድንጋዩን ማን ይሸከመው?