ዘራቸውን የቆጠሩት ፈረንሳዊ አገረ ገዥ

ኮንት ደ ሞርሳን የሚባሉ ከፈረንሳይ መሳፍንት ወገን የሆኑ ወታደር፣ በባሕሩ ዳር አገር ላይ ገዥ ሆነው መጡ። ገና ሲደርሱ በነጋዴው መንገድ ላይ ያለውን የውሃ ጉድጓድ በአጥር አሳጠሩና የአገሩን ሰው ዘበኛ አቆሙበት።

አንድ የይፋት በቅሎ ነጂ ከነጭነቱ ደረሰ። በቅሎዎቹ በጥም ሊወድቁ ነው። ዘበኛው ሲከለክለው ክርክር ገጠመ፤ ኮንቱም ሰምተው ከነአስተርጓሚያቸው ወጡ።

«ከማን ጋር እንደምትነጋገር ታውቃለህ?» አሉት። ከዚያ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን፣ የቅድመ አያታቸውን ስም ከነማዕረጉ ይቆጥሩ ጀመር። አንደኛው የፈረንሳይን ንጉሥ ጠዋት ጠዋት ሸሚዝ ያለብስ እንደነበር ሳይቀር ተናገሩ። ጥላው ዞረ፤ እሳቸው አልጨረሱም።

በመጨረሻ፣ «አንተስ? ከኔ የበለጠ አባት ከቆጠርክ በቅሎዎችህ ይጠጡ። አለዚያ በመጣህበት ተመለስ» አሉ።

አስተርጓሚው ይህን ከነገረው በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ይቅርታ ጠይቅና ሂድ» አለው።

በቅሎ ነጂው ግን ኩታውን አደግድጎ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ እኔ የመጣሁት ውሃ ልለምን ነው፤ ለልመና አባት አይቆጠርም። በኛ አገር ሰው አባቶቹን የሚቆጥረው ርስት ይገባኛል ሲል ነው። ዳኛውም እስኪጨርስ ሰምቶ አንድ ነገር ይጠይቀዋል።»

«ምን ብሎ?» አሉ ኮንቱ።

«‹ከነዚህ ሁሉ መካከል እዚህ የተቀበረው የቱ ነው?› ብሎ።»

ዘበኛው ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን ሲያዞር፣ በቅሎዎቹ አልፈውት ውሃው ላይ ደረሱ።