የሸምበቆ አባት

«አንድ ሰው ነበረ» አለ መምህር ይስማው፣ ነፍሱን በገነት ያኑርልኝ፤ የተናኘን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ከሰማ በኋላ።

ተናኘ የድሮ ተማሪው ናት፤ ያኔ የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ሆና ተሹማ ነበር። በሽተኛው ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፎ ይውልና መድኃኒት ሳያገኝ ይመለሳል። የመድኃኒት ክፍሉን ኃላፊ ሁለት ጊዜ ቀይራለች፤ ሰልፉ ግን አላጠረም። «ጋሼ፣ ሰኞ ሦስተኛውን ላባርረው ነው። የልጆች አባት ነው፤ እንቅልፍ አጣሁ። ጥፋተኛ ይሁን አይሁን በምን ልወቅ?» ነበር ያለችው።

አንድ ሰው ነበረ። በመስኖ በሚያርስ አገር የውኃ አባት ሆኖ ተሾመ፤ ከወንዝ የተጠለፈውን ውኃ ለገበሬው በየተራው የሚያዳርስ ማለት ነው። ሹመቱ ግን የሚያስቀና አልነበረም። ውኃው ከላይ ማሳ ይጀምርና ታች ሳይደርስ ያልቃል። የታቾቹ ሽንኩርት በደረቀ ቁጥር የውኃ አባቱ በሸንጎ ፊት በትሩን ይቀማል። አንዱ ጉቦኛ ተብሎ ወረደ፤ ሌላው ፈሪ ተብሎ። ከሱ በፊት የነበረው ሽማግሌ ደግሞ ሌባ ተብሎ ወረደና ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት እንኳ ከሰው ራቅ ብሎ ይቀመጥ ነበር። አዲሱ ሰው ይህን አይቷል። ነገ የእኔም ስም እንዲህ ሊሆን ነው እያለ ይፈራል።

በትሩን በተቀበለ ዕለት ከታች ማሳ አንዲት ሴት ወገቧን ይዛ ጠበቀችው።

«እሰይ! አንተም የላዮቹን ጠላ ጠጥተህ ትወፍራለህ፤ የእኔ ሽንኩርት ይከሳል» አለችው።

«ጠላ አልወድም» አላት።

«ያኛውም እንዲሁ ብሎ ነበር!»

ከሱ በፊት የነበሩት ሁሉ በትራቸውን ይዘው ላይኛው የውኃ መክፈቻ ላይ ቆመው ሌባ ይጠብቁ ነበር። እርሱ ግን ሸምበቆ ቆረጠ። ሁሉንም እኩል አድርጎ ከቦዩ አናት እስከ እግሩ በየማሳው ወሰን ተከለ፤ ውኃው በመጣ ቁጥር በቦዩ ዳር እየወረደ ሸምበቆው የረጠበበትን ልክ በቢላዋ ይጭራል። አንዳንድ ቀን ቆሞ ይጠብቃል፤ አንዳንድ ቀን ሆን ብሎ ቤቱ ይውልና ማታ ብቻ ወርዶ ያያል። የጠበቀበትን ቀን በሸምበቆው አንድ ጎን፣ ያልጠበቀበትን በሌላው ጎን ይጭራል። ሰው ሳቀበት። «የውኃ አባት ብለን ሾምነው፣ የሸምበቆ አባት ሆኖ ቀረ!» ተባለ።

ሽንኩርቱ መጠውለግ ጀመረ። ታቾቹ በትሩን ሊነጥቁት ሸንጎ ጠሩ። ሰውየው ሸምበቆዎቹን ተሸክሞ መጣና ከዋርካው ሥር፣ በተተከሉበት ተራ ከላይ እስከ ታች አጋደማቸው።

«ይኸው፣ እዩ። ይህ ጎን የጠበቅሁበት ቀን ነው፤ ያኛው ቤቴ የዋልሁበት። ሌባ ቢኖር ኖሮ ስጠብቅ ይፈራ፣ ጭረቱም ከፍ ይል ነበር። እኩል ነው። አሁን ደግሞ ቁልቁል እዩ።»

አዩ። ጭረቱ ከማሳ ማሳ በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ገደል እንደገባ ይወርዳል። ቦታው የከብት መሻገሪያው ነበር። በዚያ አገር ልማድ እያንዳንዱ የሚጠርገው በራሱ ማሳ ፊት ያለውን ቦይ ነው። መሻገሪያው የማንም ማሳ ፊት አይደለም። ከብት ረግጦት ደለል ሞልቶታል፤ ግራና ቀኙ ተሸንቁሮ ውኃው ወደ ሸለቆ ይፈሳል። ላዮቹ አጠጥተው ስለጨረሱ ወደዚያ አይወርዱም፤ ታቾቹ ወደ ላይ ቢወጡ ድንበር ገፉ ይባላሉ።

«ታዲያ እንጥረገዋ!» አለ አንዱ።

«ዛሬ ትጠርገዋለህ፤ ሳይቆይ ይደፈናል፤ የማንም አይደለማ። ተራው ይገልበጥ። ውኃው ከታች ይጀምር።»

ላዮቹ ጮኹ። «ራስ እያለ እግር ይጠጣል?»

«የእኔም ማሳ ከላዮቹ ነው። ከሁላችሁ መጨረሻ አጠጣለሁ። ውኃው ካልደረሰ በትሬን ብቻ ሳይሆን ተራዬንም ውሰዱ» አለ።

ተራው ተገለበጠ። በማግስቱ አገሩ አይቶ የማያውቀውን አየ። ላዮቹ ዶማና አካፋ ይዘው ራሳቸው ወደ መሻገሪያው ወረዱ፤ ታቾቹ ቶሎ ካላጠጡ የእነሱ ተራ አይደርስማ! ደለሉን ዛቁ፤ ሽንቁሩን በድንጋይና በጭቃ ደፈኑ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ውኃው እያጉረመረመ ታች ደረሰ። ያቺ ሴት ጫማዋን ሳታወልቅ ቦዩ ውስጥ ገብታ እልልታዋን አቀለጠችው። «የሸምበቆ አባት! ወደድክም ጠላህም ዛሬ የእኔን ጠላ ትጠጣለህ!» እያለች ተጣራች።

እርሱ ግን ሌባ ተብሎ ወደወረደው ሽማግሌ ሄደ። በትሩን በሁለት እጁ አስጨብጦ በቦዩ ዳር ከፊቱ አስቀደመው። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ አሳለፋቸው። ሽማግሌው እጁን ውኃው ውስጥ ነከረ፤ ፊቱን አበሰና «ሌባው ተያዘ!» ብሎ ሳቀ።

መምህር ይስማው ወደ ተናኘ ዞረ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ውኃው በሽተኛሽ ነው፤ ቦዩም ከበርሽ እስከ መድኃኒቱ መስኮት ያለው መንገድ። ሰው በቀየርሽ ቁጥር ጭረቱ ያው ከሆነ ጥፋቱ ከሰውየው አይደለም። ማን ነው ከማለትሽ በፊት የት ነው በይ። በየደጁ ለኪ፤ ማንም የእኔ ነው የማይለውን መሻገሪያ ታገኚዋለሽ። ያን ጊዜ ተራውን ገልብጪው፤ የበሩ ሠራተኛ የመጨረሻው በሽተኛ መድኃኒቱን ሳይይዝ ቤቱ አይግባ፤ ሰነፍ ያልሻቸው ዶማ ይዘው ይመጣሉ።»

«ሰኞ ሰውየውን አላባርረውም ማለት ነው?» አለች ተናኘ።

«ሰኞ አብረሽው ሸምበቆ ቁረጪ» አላት።