«ኔትወርክ ነው» ያላለችው ሴት

ወገኖቼ፣ አንዲት ሴት ነበረች። እዚሁ ሐዋሳ፣ ባንክ ተቀጥራ የምትሠራ። ደህና ወንበር፣ ደህና ደሞዝ ነበራት። ያንን ትታ ድረ ገጽ ልሠራ ብላ ወጣች። እናቷ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያሉ ለጎረቤት አወሩ። እናት ናቸው፣ ፈርተው ነው።

የመጀመሪያ ሥራዋ ምን ነበር መሰላችሁ? የደም ለጋሾች ድረ ገጽ! ሐኪም «ደም አምጡ» ሲል ቤተሰብ እንዴት እንደሚራወጥ ታውቁታላችሁ። አንዱ ዘመድ ጋ ይደውላል፣ አንዱ ጎረቤት ጋ ይሮጣል፣ የተገኘው ሰው ደሙ አይገጥምም። እሷ ያንን ሩጫ ልታስቀርልን ነው። ስልካችሁን ትከፍታላችሁ፣ የደም ዓይነቱን ትነካላችሁ፣ ፈቃደኛ ለጋሾች ከነስልካቸው ይመጡላችኋል።

እንግዲህ በከተማችን የድረ ገጽ ሠሪዎች ጉባኤ ተደረገ። እኔንም ጋብዛኝ ሄድኩ። ከሚያወሩት ግማሹ አልገባኝም፤ እናንተም እኔ ስሰብክ አንዳንዴ እንደዚያ ስለምትሆኑ ቻልኩት። ግን እንዴት ደስ አለኝ! ከዲላ፣ ከሶዶ፣ ከአርባ ምንጭ በአውቶቡስ ተሳፍረው የመጡ ሰዎች ናቸው። አንዱ የሠራውን መድረክ ላይ አውጥቶ ያሳያል። እንከን ያየ እጁን ያወጣል፣ ያለ ይሉኝታ ይናገራል። የተነገረውም አይቆጣም፣ ያመሰግናል።

ተራዋ ደረሰ። ፊት ወንበር ላይ ከሆስፒታል የመጡት ዶክተር ላንቃሞ ተቀምጠዋል። ሥራዋን የሚቀበሉት ወይም የሚመልሱት እሳቸው ናቸው። እምቢ ካሉ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው፤ ተመልሳ የባንኩን ደጅ መጥናት ነው።

ላፕቶፗን ከፈተች። ስሞቹ ከነደም ዓይነታቸው በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ድርድር ብለው መጡ። እንዴት ያምራል! ዶክተሩ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፣ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔማ ከሁሉም በላይ አጨበጨብኩ፣ የኔ ምዕመን ናታ!

ይህን ጊዜ ከኋላ አንድ ቀጠን ያለ ሰው እጁን አወጣ። ገዛኸኝ ይባላል፣ እሱም ከዲላ የመጣ ድረ ገጽ ሠሪ ነው።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። «አሁን በስልኬ ከፈትኩት። ገጹ ይመጣል፣ ስም ግን የለበትም። ባዶ ነው።»



እዚህ ላይ ቆዩልኝ። ይህች ሴት ምን ማለት ትችል ነበር? በዚህ አገር ማንም የማይከራከረውን ነገር! «ኔትወርክ ነው።» አያችሁ፣ ሳቃችሁ። ሁላችንም ብለነዋ! ላላነሣነው ስልክ ብለነዋል፣ ለቀረንበት ስብሰባ ብለነዋል። ብትለው ማን ይጠረጥራታል? ጭብጨባው ተጨብጭቧል። ዶክተሩም ወደውታል።

አላለችም። ፊቷ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ግን «እስቲ ወደዚህ አምጣውና አሳየኝ» አለችው።

ስልኩን አየች፣ ባዶ። የሌላ ሰው ስልክ ተቀበለች፣ ያም ባዶ። ያን ጊዜ የጻፈችውን ኮድ እንዳለ ግድግዳው ላይ ዘረጋችው። በእነሱ ሙያ ይህ ጓዳን ለእንግዳ እንደ መክፈት ነው። «እርዱኝ» አለች። ገዛኸኝ አጠገቧ ቆሞ አነበበና «ይኸው» አለ።

አንዲት መስመር ናት። ስሞቹን ሁሉም ሰው በሚደርስበት፣ ሰርቨር በሚሉት ኮምፒውተር ላይ አስቀምጣቸዋለች። ገጹ ግን አሁንም ስሞቹን ከራሷ ላፕቶፕ ውስጥ እንዲፈልግ ታዟል። ስትሠራው የጻፈችውን አድራሻ መቀየር ረስታለች! ለዚህ ነው ለእሷ ሁልጊዜ የሚታያት። ለሌላው ሰው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ቀየረችው። አዳራሹ በሙሉ በየስልኩ ከፈተ። ስሞቹ መጡ።

ዶክተር ላንቃሞ ተነሡ። «ልጄ» አሉ፣ «ኔትወርክ ነው ብትይኝ አምኜሽ ሰኞ አስጀምረው ነበር። ከዚያ አንድ አባት ልጁን ሆስፒታል አስተኝቶ ይህንን ባዶ ገጽ ሲያይ ይውል ነበር። ሰኞ ነይ፣ አብረን እንሠራለን።»

ወገኖቼ፣ አደነቅኋት። ገዛኸኝንም አደነቅሁት፤ ሁላችን ስናጨበጭብ እሱ ስልኩን አየ። እኛ ጋ ቢሆን እንዲህ ያለውን ወንድም «ተቺ» ብለን ኮሚቴ እናቋቁምበት ነበር!

እስቲ ልጠይቃችሁ። የእናንተስ ፍቅር ለማን ነው የሚታየው? «ልጆቼን እወዳለሁ» ትላላችሁ። ልጃችሁ ጋ ደርሷል? «እህቴን ይቅር ብያታለሁ» ትላላችሁ። እሷ ታውቃለች? በጸሎታችሁ የምታለቅሱለትን ርኅራኄ የቤት ሠራተኛችሁ አይታዋለች? ውሸታሞች ናችሁ አላልኩም! የዚያች ሴት ዝርዝርም ውሸት አልነበረም። እውነት ነበር፤ ግን ከራሷ አልፎ ማንም ጋ አልደረሰም።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አንድ ሰው ጠይቁ። «እውነቱን ንገረኝ፣ ፍቅሬ አንተ ጋ ይደርሳል?» በሉት። ማንን እንጠይቅ ትሉኝ ይሆናል። አሁን ይህን ስናገር ፊቱ ድቅን ያለባችሁን ሰው። መልሱን የምትፈሩትን። እሱን ጠይቁት፤ ሲናገርም አታቋርጡት።