አንድ ሰው የጎደለው መንገድ

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ይቺም ወሬ ትሳፈር።

አቶ አስናቀ የወልዲያ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አንድ ሰው የቀረው፣ አንድ ሰው የቀረው» እያሉ ሲጣሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። እኚህ ሰው እንግዲህ ኡጋንዳ ገቡላችሁ። ልጃቸው ትርሲት ሐይቅ ውስጥ ባለች አንዲት ደሴት ነርስ ናት፤ እዚያው ያገኘችውን መምህር ልታገባ ነው። የአቶ አስናቀ ፍላጎት አንዲት ብቻ ነበረች፦ ልጃቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውጣቷ በፊት ጉልበታቸውን ስማ እንድትመረቅ። ሥርዓቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ኮንትራት የያዙት መኪና ሐይቁ ዳር አውርዷቸው ሲመለስ ገና አራት ሰዓት ነበር፤ ስለዚህ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው፣ ዘና ብለው ወደ ጀልባው ሄዱ።

ባለጀልባው ካቶ እግሩን ዘርግቶ ሸንኮራ እየመጠጠ ተቀምጧል። «አልነሳም» አላቸው። «ሚኒባሱ ሰው ሳያመጣልኝ ባዶ ጀልባ ይዤ የት እሄዳለሁ?»

ሚኒባሱ ካልመጣ ጀልባው አይነሳም፤ ጀልባው ካልተነሳ ትርሲት ጉልበት አትስምም። አቶ አስናቀ ይህን የካቶን መልስ ራሳቸው ስንቱን መንገደኛ ብለውት ያውቃሉ። ሲናገሩት ግን እንዲህ አይመርም ነበር።

ዳገቱን ወጡ። ሚኒባሱ መገንጠያው ላይ፣ በሦስት ጎማና በአንድ ድንጋይ ቆሟል። «አልነሳም» አለ ሾፌሩ። «ጎማዬ ጎሚስታ ቤት ነው። ሞተር ሳይክሉ ካላመጣልኝ በምን ልሂድ?»

ጎማው ካልመጣ ሚኒባሱ አይነሳም፤ ሚኒባሱ ካልተነሳ ጀልባው አይነሳም፤ ጀልባው ካልተነሳ ትርሲት ጉልበት አትስምም። አቶ አስናቀ ወደ ጎሚስታው ገሰገሱ።

ጎማው ተጠግኗል። ባለሞተሩ ኦኬሎም ጎማውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ተቀምጧል፤ ተቀምጧል እንጂ አይንቀሳቀስም። «ቤንዚን ጨርሻለሁ» አለ። «ዶሮ አርቢዋ ናሉቤጋ በፒክአፗ ማደያ ደርሳ ካላመጣችልኝ አልነሳም።»

ቤንዚን ካልመጣ ሞተሩ አይነሳም፤ ሞተሩ ካልተነሳ ጎማው አይመጣም፤ ጎማው ካልመጣ ሚኒባሱ አይነሳም፤ ሚኒባሱ ካልተነሳ ጀልባው አይነሳም፤ ጀልባው ካልተነሳ ትርሲት ጉልበት አትስምም። ይህን እያጉረመረሙ ሲሄዱ አምስት ሰዓት አለፈ። አሁን ፈሩ፤ ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያስረፍዱ የኖሩት ሰውዬ እውነትም ፈሩ።

ናሉቤጋን ገበያው ዳር፣ የፒክአፗን መሪ ይዛ ቁጭ እንዳለች አገኟት። ጎኗ አንድ ካርቶን ሙሉ እንቁላል አለ። «መንገዱ ጉድጓድ ብቻ ነው» አለች። «እንቁላሌን አቅፎ የሚይዝልኝ ካልተገኘ አልነሳም። ሌላው ሁሉ ዝግጁ ነው፤ አንድ ሰው ነው የቀረኝ።»

«ይሄ አንድ ሰው የሚሉት የት ገብቶ ነው?» አሉ አቶ አስናቀ። እንቁላል ያዥ ካልተገኘ ፒክአፑ አይነሳም፤ ፒክአፑ ካልተነሳ ቤንዚን አይመጣም፤ ቤንዚን ካልመጣ ሞተሩ አይነሳም፤ ሞተሩ ካልተነሳ ጎማው አይመጣም፤ ጎማው ካልመጣ ሚኒባሱ አይነሳም፤ ሚኒባሱ ካልተነሳ ጀልባው አይነሳም፤ ጀልባው ካልተነሳ ትርሲት ጉልበት አትስምም። ሌላ መላ ቢጠፋቸው ገበያው መሀል ቆመው፣ በዚያ በወልዲያ ድምፃቸው፣ በአማርኛ ለቀቁት፦ «አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!»

ቲማቲም ሻጮቹ ዞር ብለው አዩዋቸው፤ ሳቁ፤ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ናሉቤጋ ምን እንደሚሉ ጠየቀቻቸው። በዚያችው ባለቻቸው እንግሊዝኛና በእጃቸው አስረዷት።

«አባባ» አለቻቸው፣ «እርስዎ ሰው አይደሉም?»

አቶ አስናቀ ያን ሁሉ ዘመን የጎደለውን ሰው ሲፈልጉ፣ አንድም ቀን ራሳቸውን ቆጥረው አያውቁም። አፍረው ገቡና ካርቶኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

እንቁላሉ ተያዘ፣ ፒክአፑ ተነሳ። ፒክአፑ ተነሳ፣ ቤንዚን መጣ። ቤንዚን መጣ፣ ሞተሩ ተነሳ። ሞተሩ ተነሳ፣ ጎማው መጣ። ጎማው መጣ፣ ሚኒባሱ ተነሳ። ሚኒባሱ ተነሳ፣ ጀልባውም ሞልቶ ተነሳ። መቼም ጉድጓዱ ብዙ ነውና ሦስት እንቁላል ሱሪያቸው ላይ ፈሷል።

ደሴቷን ሲረግጡ ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ብስክሌት ላይ ተፈናጠጡ፤ ልጄ ወጥታለች እያሉ ባለብስክሌቱን አጣደፉት። ከትርሲት ቤት ደጃፍ ሲደርሱ ግን አጃቢው ሁሉ ፀሐይ ላይ ተገትሯል፤ ሙሽራው ከረቫቱን ፈትቶ ያራግባል።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አሉት።

«አልወጣም ብላ ነው» አለ ሙሽራው። «አንድ ሰው ይቀረኛል ትላለች።»

አቶ አስናቀ እንባቸው መጣ። ትርሲት በነጭ ልብሷ ወጥታ፣ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ቀና ስትል አፍንጫዋ በአስኳል ቢጫ ሆኗል።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«የመንገዱ ሒሳብ ነው፣ ልጄ» አሉና አፍንጫዋን በነጠላቸው ጠረጉላት። ጥርስና ከናፍር ሁኑ ብለው ሁለቱንም መረቁ። ከዚያ ወደ አጃቢው ዞሩና፣ «በል ሞልቷል፣ ንዳው» አሉ።

ወራጅ አለ፤ እኔም እዚህ ልውረድ።